ቤትን ያለ ደላላ ሲሸጡ ፍተሻ ለምን ያስፈልጋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው ቤታቸውን ራሳቸው ለመሸጥ ያሰቡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከነመልሱ አስቀምጫለሁ።

የቤት ፍተሻ ምን ማለት ነው? ባንክ ወይም ማዘጋጃ ቤት ከሚያሠራው ግምት በምን ይለያል?

ፍተሻ ማለት የቤት ሥራ የሚያውቅ ባለሙያ ከመሠረቱ እስከ ክዳኑ ዞሮ፣ ደህናው የቱ እንደሆነ፣ የተጎዳው የቱ እንደሆነ፣ ዛሬ ባይታይም ነገ ችግር የሚያመጣው የቱ እንደሆነ አይቶ በጽሑፍ የሚያስቀምጥበት ሥራ ነው። ዋጋ አይተምንም፤ የቤቱን ጤንነት ነው የሚናገረው።

ግምት ሌላ ነገር ነው። ባንክ የሚያስገምተው ቤቱ ለሚያበድረው ገንዘብ በቂ መያዣ መሆኑን ለማወቅ ሲሆን፣ የማዘጋጃ ቤቱ ግምት ደግሞ ለስም ማዛወሪያ ክፍያ ነው። የአንዱም ዓላማ ኮርኒስ ከፍቶ ማየት ወይም የቋሚ እንጨት ሥር መቆፈር አይደለም። ስለዚህ "ባንክ ገምቶልኛል፣ ቤቴ ደህና ነው" ማለት አያስኬድም።

ደላላ ከሌለ ፍተሻው ይበልጥ ያስፈልጋል የሚባለው ለምንድን ነው?

ደላላ ባለበት ሽያጭ ገዢ ጥርጣሬውን መጀመሪያ የሚናገረው ለደላላው ነው። ደላላው ያለሳልሳል፣ ያስቀንሳል፣ ያስማማል። ደላላው ሲቀር ድርሻው ይቀርልዎታል፤ ሥራው ግን አይቀርም፣ ወደ እርስዎ ይዞራል። ገዢው ዓይን ዓይንዎን እያየ "ክረምት ላይ ያፈሳል?" ሲልዎ የሚመልሱት እርስዎ ነዎት። ያንን መልስ በግምት ከመለሱት፣ ኋላ የሚጠየቁበት የራስዎ ቃል ነው።

ይህን የምናገረው ደርሶብኝ ነው። የእናታችንን ቤት ደብረ ብርሃን ላይ የሸጥነው ያለ ደላላ ነበር። ግንቦት ላይ ተፈራረምን፤ ሐምሌ ላይ ገዢው በማታ ደወለ። ስደርስ የሳሎኑ ኮርኒስ መሃሉ ላይ እንደ አቁማዳ ተነፍቷል፣ ከአምፖሉ ሥር ቢጫ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍተን፣ መሰላል አቁመን በኮርኒሱ መግቢያ ባትሪ ስናበራ አንድ የብረት ሳፋ ጢም ብሎ ሞልቶ ይፈሳል። ሳፋው የእናታችን ነው። ለካ በሕይወት ሳለች በየክረምቱ የጎረቤት ልጅ እያስወጣች ታስደፋው ኖሯል፤ ለማንኛችንም ትንፍሽ አላለችም። ገዢው ሳፋውን አይቶ "ታውቁ ነበር" አለ። ምን ብዬ ላሳምነው?

ጥገናው ሦስት ቆርቆሮና የሁለት እፍኝ ሚስማር ጉዳይ ነበር። በሽማግሌ ተነጋግረን የከፈልነው ግን የዚያን ብዙ እጥፍ ሆነ፤ ከሰውየው ጋር እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታችን እንደ በፊቱ አይደለም። ከመሸጣችን በፊት አንድ ሰው መሰላል ይዞ ቢወጣ ኖሮ ሳፋውን መጀመሪያ የምናገኘው እኛ ነበርን።

ገዢው አይቶ ይገዛ የለም ወይ? ወጪውን ለምን እኔ እችላለሁ?

ገዢ ያየውን እንጂ ያላየውን አያውቅም፤ ያላወቀውን ደግሞ በፍርሃቱ ልክ ይተምነዋል። ኮርኒስ ላይ አንድ ቢጫ ክብ ካየ በልቡ ጣሪያውን በሙሉ አፍርሶ ይሠራዋል፣ ያንንም ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። "የተበላሸው ሦስት ቆርቆሮ ነው፣ ባለሙያ አይቶታል፣ ወረቀቱ ይኸው" ካሉት ድርድሩ በሦስት ቆርቆሮ ላይ ይሆናል። የፍተሻው ወጪ በዚያች አንድ ድርድር ይመለሳል።

አሁን ደብረ ብርሃን ላይ ፋብሪካውና ሥራው ያመጣቸው፣ ብርዱንና አፈሩን የማያውቁ ገዢዎች ብዙ ናቸው። እነሱ እንደ አገሬው ሰው ግድግዳ መታ መታ አድርገው አይረዱም፤ ወረቀት ይፈልጋሉ።

ማንን ላስፈትሽ?

"የቤት ፈታሽ" ተብሎ ራሱን የቻለ ሙያ በእኛ ዘንድ አልተለመደም። ስለዚህ ሥራውን መከፋፈል ነው፦ ለመሠረት፣ ለኮለንና ለግድግዳ ፈቃድ ያለው የግንባታ መሐንዲስ፤ ለመብራት ኤሌክትሪሺያን፤ ለውሃና ለፍሳሽ ቧንቧ ሠራተኛ። ለጭቃ ቤትና ለድንጋይ ቤት ግን ዕድሜውን በሙያው ያሳለፈ የአካባቢው ግንበኛ ወይም አናጢ ከወጣት መሐንዲስ የበለጠ ያያል ብዬ አምናለሁ፤ ቱምቢውንና ውሃ ልኩን ይዞ ይምጣ እንጂ።

ቤቱን የሠራው ሰው ራሱ አይፈትሸው። ጥገናውን ልሠራ ብሎ የሚጠብቅ ሰውም አይፈትሸው፤ አንዱ የራሱን ጥፋት ይሸፍናል፣ ሌላው የሌለ ሥራ ይፈጥራል። ሲጨርሱ ቀን፣ ስም፣ ፊርማና ፎቶ ያለው ጽሑፍ ይቀበሉ። በቃል የተነገረ ፍተሻ ገዢ ፊት ዋጋ የለውም።

መቼ ላስፈትሽ?

ዋጋ ከመጥራትዎ በፊት፤ ቢዘገይ ቢዘገይ ቀብድ ከመቀበልዎ በፊት። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ቀብዱን ከወሰዱ በኋላ ትልቅ ጉድለት ቢገኝና "ቆይ፣ ልጠግን፣ ዋጋውም ይስተካከል" ቢሉ እጅዎ ታስሯል።

ወቅቱም ይናገራል። ጣሪያ የሚያጋልጠው ክረምት ነው፤ ስለዚህ በነሐሴ ወይም በመስከረም መጀመሪያ የታየ ጣሪያ በእውነት ታይቷል። የዋልካ አፈር ላይ የቆመ ቤት ስንጥቁ የሚሰፋው ግን በበጋው መጨረሻ፣ በሚያዝያና በግንቦት ነው። ሁለቱን ወቅት መጠበቅ ካልቻሉ በበጋ ክዳኑ ላይ በቱቦ ውሃ ለቆ ከሥር በባትሪ ማየት ይቻላል። ውሃውን ከታች ጀምሮ ቀስ እያሉ ወደ ላይ መውሰድ ነው፤ ከላይ ከጀመሩ ቀዳዳው የት እንዳለ አይለይም።

በደጋው፣ በተለይ በደብረ ብርሃን፣ ዋናው መታየት ያለበት ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ውርጩ ቤት ላይ ምልክቱን ይተዋል። በውርጭ ወራት የተለሰነ ግድግዳ ሳይደርቅ ብርድ ካገኘው አይጠነክርም። በጥፍር ወይም በካቻቢቴ ጫፍ ሲፍቁት ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ከመሬት በላይ የተዘረጋ፣ ያልተሸፈነ የውሃ መስመርም ሌሊት ሊረጋና ሊሰነጠቅ ይችላል፤ መገጣጠሚያዎቹን በማለዳ ማየት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። በብርድ ሌሊት የቤት ውስጥ እንፋሎት ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ወደ ውሃ ይለወጥና ጠዋት ይንጠባጠባል፤ ቆርቆሮው አላበው ማለት ነው። ዝናብ ሳይኖር ጠዋት ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ ቀዳዳ ከመፈለግ በፊት የኮርኒሱን አየር ማስገቢያ ማየት ያስፈልጋል። ዝናብ በጣለ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚፈስ ከሆነ ግን ሚስማሩ ዝጎ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ወይም ቆርቆሮው በደንብ አልተደራረበም፣ ወይም አሸንዳው ተደፍኖ ውሃው ወደ ኋላ ይመለሳል።

ከዚያ አፈሩ። በእነዋሪና በጅሩ በኩል፣ በሌሎችም ሜዳማ ቦታዎች ያለው ጥቁር ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱንም አብሮ ያነሣዋል፣ ያወርደዋል። ለግድግዳ ተጠግቶ የተተከለ ባህር ዛፍ ደግሞ እርጥበቱን እየሳበ በዚያ ወገን ያለውን አፈር ያሟሽሸዋል። ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ላይ የሚወጣ ስንጥቅ ካዩ፣ ወለል ሳይሆን ግቢውን ይመልከቱ፦ የጣሪያው ውሃ የት ይወርዳል? ቦይ አለው? ወይስ እዚያው ግድግዳው ሥር ይተኛል?

ቤቴ የጭቃ ቤት ነው። ፍተሻ ያስፈልገዋል?

ይበልጥ ያስፈልገዋል፣ ምክንያቱም ችግሩ ከልስኑ ጀርባ ነው። የጭቃ ቤት የሚወድቀው ከላይ ሳይሆን ከቋሚው ሥር ነው። ባለሙያው በየማዕዘኑ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ቆፍሮ ካቻቢቴውን ቋሚው ላይ ይጫነዋል። ጤነኛ እንጨት ይመልሰዋል፤ የበሰበሰ እንጨት ቅቤ እንደ መውጋት ነው። ከዚያ ግድግዳውን በጉልበት ከፍታ እያንኳኳ ይዞራል፤ ድምፁ ባዶ ሲሆን ጭቃው ከማገሩ ለቋል ማለት ነው።

ከብሎኬት ቤት ያነሰ ዋጋ ያወጣል ብለው አይፈሩ። ቋሚው ደህና መሆኑ በጽሑፍ የተረጋገጠ የጭቃ ቤት፣ ምንነቱ ካልታወቀ ብሎኬት ቤት ይልቅ ገዢን ያረጋጋል።

ሸዋ ሮቢትና አጣዬ በኩልስ?

ቆላው ላይ የመጀመሪያው ጠላት ምስጥ ነው። የበር መቃኖችን፣ የኮርኒስ እንጨቱንና ወራጆቹን ያስፈትሹ፤ ግድግዳ ላይ የእርሳስ ውፍረት ያለው የአፈር መስመር ከወለል ወደ ላይ ሲወጣ ከታየ ምስጡ ገብቷል። ቀለም ቀብቶ መስመሩን ማጥፋት ምስጡን አያጠፋውም።

ግድግዳው ላይ ስንጥቅ አለ። ከመሬት መንቀጥቀጡ ይሆን?

ሊሆን ይችላል። ሰሜን ሸዋ የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል፤ በ2017 ዓ.ም ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ ለወራት በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተከታተሉት መንቀጥቀጦች እኛም ዘንድ ተሰምተዋል። ሆኖም ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ልስኑ ላይ ብቻ የቀረ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ የልስን መድረቅ ነው። ብሎኬቱን ራሱን የሰነጠቀ፣ ጣት ጫፍ የሚያስገባ፣ ወይም ኮለኑና ግድግዳው የተለያዩበት ስንጥቅ የመሐንዲስ ጉዳይ ነው።

ስንጥቁ ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው የሚለውን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ትንሽ የመስታወት ስባሪ ስንጥቁን አሻግረው ሁለቱን ጫፍ በጀሶ ይለጥፉ፣ አጠገቡ ቀኑን ይጻፉ። ለወራት ሳይሰበር ከቆየ ግድግዳው አልተንቀሳቀሰም። ለመሸጥ ካሰቡ ዛሬ ይለጥፉት፤ ገዢው ሲመጣ ቀኑን ራሱ ያነባል።

በደብረ ሲና ዳገት ላይ ያሉ ቤቶች ሌላ ጥያቄ ይጨመርባቸዋል፦ ከላይ ያለው አፈር ይንሸራተታል ወይ? የድጋፍ ግንቡ ሆዱ ከተነፋ፣ የውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎቹ ከተደፈኑ፣ በዳገቱ ላይ ያሉት ዛፎች ወደ ቁልቁለቱ ካዘነበሉ መሐንዲስ ሳያይ አይሽጡ።

መብራት፣ ውሃና ሽንት ቤትም ይፈተሻሉ?

አዎ። ለመብራት የማምነው ፍተሻ የእንጀራ ምጣድ ነው። ምጣዱ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። አሙቀው፣ አንድ ዙር ጋግረው፣ ሶኬቱን፣ ከዚያም ማከፋፈያውን ኤሌክትሪሺያኑ ይመርምር፤ ሶኬቱ ጠርዙ ጠቁሮ ወይም ፕላስቲኩ ቀልጦ ከተገኘ ሽቦው ቀጭን ነው ወይም ግንኙነቱ ላልቷል። በብሬከር ፋንታ ሽቦ የተጠመዘዘበት ቤት እስካሁን አለ፤ ያንን ለገዢ ከማሳየትዎ በፊት ያስለውጡ፣ የነፍስ ጉዳይ ነውና።

ለውሃ፣ ቧንቧውን ሁሉ ዘግተው ቆጣሪውን ይመልከቱ፤ ከዞረ የሆነ ቦታ፣ ምናልባትም መሬት ውስጥ፣ ይፈስሳል። ለሽንት ቤት፣ ጉድጓዱ መቼ እንደተመጠጠና መኪናው መድረስ መቻሉን ይጻፉ።

የተገኘውን ሁሉ መጠገን አለብኝ?

የለብዎትም። አደጋ ያለውን ይጠግኑ፦ የመብራት ንክኪ፣ የሚያፈስ ጣሪያ፣ ሊወድቅ ያዘመመ አጥር። የቀረውን ጽፎ በዋጋው ማስተካከል ይበቃል። አጥብቄ የምቃወመው ግን ሳይጠግኑ ቀለም መቀባትን ነው። እርጥበት ያለበት ግድግዳ አዲስ ቀለሙን በጥቂት ወራት ውስጥ ያፈነዳዋል፤ ያን ጊዜ ገዢው የሚያየው እርጥበቱን ብቻ ሳይሆን የተሸፈነበትን ቀለምም ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል።

ያወቅሁትን ጉድለት ሁሉ ለገዢው መንገር አለብኝ?

በእኔ እምነት አዎ፤ ሕጉም ወደዚያው ይወስዳል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ኃላፊ ነው። ገዢው ሲዋዋል ያወቀውን ወይም ለማንም ግልጽ የነበረውን ጉድለት ግን ኋላ ሻጩን አይጠይቅበትም። እንግዲህ ያስቡት፦ የነገሩት ጉድለት ከእርስዎ ትከሻ ይወርዳል፣ የደበቁት ይከተልዎታል።

በቃል መንገር ብቻ ግን ማስረጃ አይሆንም። የፍተሻውን ጽሑፍ ከውሉ ጋር አያይዘው ሁለታችሁም፣ ምስክሮቹም በየገጹ ፈርሙበት። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ካልሆነ ዋጋ እንደሌለው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2877 ይናገራል፤ ቁጥር 1723 ደግሞ በፍርድ ቤት ወይም ውል በሚያዋውል ባለሥልጣን ፊት መደረጉን ያዛል። ስለዚህ አባሪው ከውሉ ጋር አንድ ላይ ውልና ማስረጃ ቢቀርብ መልካም ነው።

ውሉ ላይ "ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ" ብሎ ካስፈረምኩት አይበቃም?

ጉድለቱን ሁለታችሁም የማታውቁት ከሆነ ይረዳል። እያወቁ ከደበቁት ግን አያድንዎትም፤ ሆን ብሎ ጉድለት የሸፈነ ሻጭ በእንዲህ ያለ ቃል ከኃላፊነት አይወጣም። ለዚህ ነው የእናቴ ሳፋ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ። እኛ አናውቅም ነበር፤ ግን አለማወቃችንን የምናስረዳበት አንድም ወረቀት አልነበረንም። የፍተሻ ጽሑፍ ያወቁትን ብቻ ሳይሆን ለማወቅ መጣርዎንም ያሳያል።

በፍተሻው ሰርቪሱ ካርታው ላይ እንደሌለ ታወቀ። ልተወው?

አይተዉት። ገዢው በባንክ ብድር የሚገዛ ከሆነ ገማቹ ካርታና ፕላን ይዞ መምጣቱ አይቀርም፣ ያኔ ሽያጩ ከመሃል ይቆማል። አስቀድመው ከተማ አስተዳደሩ ዘንድ ሄደው ሕጋዊ የሚሆንበት መንገድ መኖሩን ይጠይቁ። ከሌለ፣ ሰርቪሱ በዋጋው ውስጥ እንዳልተቆጠረ በውሉ ላይ ይጻፉ። አጥሩም ወሰኑን አልፎ ከሆነ እንዲሁ።

ገዢው የራሱን ባለሙያ ይዞ መጥቶ ከእኔ ፍተሻ ጋር የሚጣረስ ነገር ቢናገርስ?

አይቆጡ። ሁለቱን ባለሙያዎች የተለያዩበት ቦታ ላይ አብረው ያቁሟቸው። "መሠረቱ ወርዷል"፣ "አልወረደም" የሚባል ክርክር ከሆነ አንድ ክንድ ቆፍሮ ማየት ይፈታዋል፤ የጣሪያ ከሆነ ኮርኒሱን በአንድ ጥግ መክፈት። የመቆፈሪያውን ወጪ ግማሽ በግማሽ መካፈል ተገቢ ይመስለኛል። ካልተስማሙ ሁለታችሁም የመረጣችሁት ሦስተኛ ሰው ይይ፣ ቃሉ እንደሚጸናም ከማየቱ በፊት ተፈራረሙ። ከታየ በኋላ ከሆነ የተሸነፈው ወገን አይፈርምም።

ወራሾች ነን። ወንድሜ "አስፈትሸን ዋጋ ለምን እናወርዳለን?" ይላል። ምን ላድርግ?

በሁሉም ወራሾች ስም የሚሸጥ ቤት ላይ ሁሉም ይፈርማሉ፤ ክስ ቢመጣም ለሁሉም ነው። የባልና የሚስት የጋራ ቤት ሲሆንም ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም፣ እዚያም ነገሩ ያው ነው። ስለዚህ የወንድምዎ ተቃውሞ ብዙውን ጊዜ ስለ ገንዘብ ነውና በገንዘብ ይመልሱለት፦ የፍተሻውና የጥገናው ወጪ ከሽያጩ ላይ ተነሥቶ የቀረው እንደሚካፈል አስቀድማችሁ ጻፉ፤ ማንም ከኪሱ አያወጣም።

ከባለሙያው በፊት ቤቱ ውስጥ የኖረውን ሰው ይጠይቁ። ተከራይ ካለ ተከራዩን፣ እናት አባትን ያስታመመችውን፣ ውሃ የምታመጣላቸውን፣ የጎረቤት ልጆችን። የትኛው ክፍል በክረምት እንደሚሸት፣ የትኛው በር ሐምሌ ላይ አልዘጋ እንደሚል እነሱ ያውቃሉ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወንድምዎን ይጥሩትና መሰላሉን ይያዝልዎ፤ ባትሪ ይዘው ወደ ኮርኒሱ ይውጡ። ሲወርዱ ደግሞ እሱ ይውጣና በራሱ ዓይን ይይ።